አጥቤ ያጠፋሁት ቀለበት

እኔ በራዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያችን የሰማይ ምስል አጣቢ ነኝ። ከሩቅ ጋላክሲ የመጣ የራዲዮ ሞገድ ወደ ምስል ሲለወጥ፣ አንቴናዎቻችን ራሳቸው የሚፈጥሩት የውሸት ቀለበት በደማቁ ነገር ዙሪያ ይንጠለጠላል። እሱን ጠርጌ አጠፋለሁ። በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ የለም፤ ካለም እኔው ያስተማርኩት ነው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ታናሽ እህቴ፣ ማለትም አለቃዬ፣ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«ጋሼ፣ ሌላ ጣቢያ አንዲት ጋላክሲ ዙሪያ በራዲዮ ሞገድ የሚታይ ቀለበት አግኝቷል! ከጋላክሲዋ አሥር እጥፍ ይሰፋል። እኛም ካየነው ግኝቱ ጸና ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስብሰባ አለኝ። ባዶ እጄን ከገባሁ የቴሌስኮፕ ሰዓታችን ለሌላ ቡድን ይሰጣል።»

ምስላችንን ከፈትን። እንደ መስታወት የጠራ ሰማይ! የቀለበት ዘር የለበትም።

«የት ሄደ?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ምን አልክ?»

«እድፍ መስሎኝ ነዋ! ግን እህትዓለም፣ እንዴት አድርጌ እንዳስለቀቅኩት ብታዪ…»

«ጥሬው መረጃስ?»

«ቦታ ጠበበ ተብሎ ባለፈው ወር ተሰርዟል። ፊርማው ያንቺ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቢተዉህ ፀሐይንም እድፍ ናት ብለህ ታጥባታለህ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ያኔ ዓይኔ ግድግዳዬ ላይ አረፈ። እንግዳ ሁሉ አይቶ እንዲደነቅልኝ «ከመታጠቡ በፊት» እና «ከታጠበ በኋላ» የሚሉ መቶ ምስሎች ሰቅያለሁ። እሺ፣ አሥራ ስምንት። እህቴ «ይህን ጉራህን አውርድ» ስትለኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያቺ ጋላክሲ እጅግ ስላስቸገረችኝ ሁለት ጊዜ ተሰቅላለች፤ የታየችውም አንቴናዎቹ በተለያየ አደራደር በቆሙባቸው ሁለት ቀኖች ነው።

ሁለቱን «በፊት» ገንጥዬ መስኮቱ ላይ ደራረብኳቸው። አንቴና ሲዛወር የውሸት ቀለበት ቅርጹን ይቀይራል። ትንንሾቹ የውሸት ቀለበቶች እርስ በርስ ተምታቱ። የአንዱ ትልቅ ክብ ግን በሌላው ትልቅ ክብ ላይ ልክክ አለ!

«ጋሼ! የሰማይ ነው! የሰማይ ነው!» ክፍሉን በዝላይ አናወጠችው። «ምናልባት ድሮ ጋላክሲዋ ውስጥ የደረሰ ፍንዳታ ማዕበል ይሆናል። የሁለቱ ምስሎች ፋይልስ?»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ፣ ‹ጀብዱዎቼ› የሚለው ማኅደር ላይ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩን ስታ ግድግዳውን ገጨች።

ከስብሰባው ስትመለስ የቴሌስኮፕ ሰዓታችን አልተነካም፤ እንዲያውም አርባ ሰዓት ተጨምሮልናል። ለሰው ስናገር አራት መቶ እላለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሳታሳይ አንዲት ነጥብ እንዳታጥብ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ፣ መዶሻዬን እያነሳሁ። «ሁለቱን ምስሎች መልሼ ልስቀላቸው፤ ሚስማሩን ያዢልኝ።»

ያዘችልኝ።