ለገዢ የተቀባ ፍሬን

አባዬ መኪናዋን ሊሸጣት መሆኑን የነገረኝ ፊቴን ስታጠብ፣ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ነው። ብልጥ ነው አባዬ፤ ዓይኑ የሚያቃጥለው ሰው አይከራከርም። ቅዳሜ አንዲት አዋላጅ ልታያት ትመጣለች፣ አንተም ሥራ ፈትተህ ከምትዞር ጎማዎቹን ፈትተህ የፍሬኑን ዝገት አራግፈህ ቀባው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለቆመች የፊቱን ዲስክ የሚጨብጠው ካሊፐርም የኋላው ክብ ታምቡርም ያረረ ዳቦ መስለዋል።

መኪናዋ የታላቅ እህቴ ናት። ለሱቆች ዕቃ ታመላልስባት ነበር፣ እኔን ጎኗ አስቀምጣ። ትምህርት ቤት አንቅሮ የተፋኝን ልጅ መሪ ያስያዘችኝ እሷ ናት። ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ የሄደች ቀን ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጋ «ጉዱ፣ እስክመጣ ሞተሯን እያስነሳህ ጠብቅልኝ» አለችኝ። ጉዱ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሰው የሚለኝን ተዉት።

እኔም በየሳምንቱ አስነሳኋት። አስነስቼ ወደ ጎን ወንበር እሻገርና የሾፌሩን ባዶ ትቼ እቀመጣለሁ። ቂል ነው በሉኝ። እንግዲህ መኪናዋ ከተሸጠች እህቴ ምን ብላ ነው የምትመጣው? እኔን ብላ? እኔ እንኳን ለእሷ፣ ለውሻችንም አልናፍቅም።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ብሎኔ የምንለው ጎረቤታችን መካኒክ፣ ፍሬን ሲሠራ እንደ ምጣድ ስለሚግል ሙቀት የሚችል ቀለም ነው የሚቀባው ብሎ አስረድቶኛል። የበር ቀለም ከቀባህበት መንገድ ላይ ይጨስና ሰፈሩን በክርፋቱ ታባርረዋለህ አለኝ። ምስኪን፣ የመከረኝ መስሎታል። አባዬ ሙቀት የሚችለውን ቀይ ገዝቶ ሰጥቶኛል፤ እኔ ደግሞ አልጋ ሥር የተረፈ የበር ቀለም ነበረኝ፣ እሱም ቀይ። ማን ይለየዋል? አዋላጇ ለሙከራ ትነዳታለች፣ መኪናዋ ትጨሳለች፣ ሴትዮዋ በእግሯ ወደ ቤቷ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቹን ፈታሁና በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ጀመርኩ። ዝገቱ አፍንጫዬን ሞላው። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ ድስቴን ለመፈግፈግ የሌለ ጉልበት ከየት መጣ አለች።

የኋላው የግራ ታምቡር ላይ ስደርስ ከዝገቱ ሥር ጭረት ወጣ። በሚስማር የተጫረች፣ ጥፍር የምታክል መስመር። እጄ ቀጥ አለ። አንድ ቀን እኔና እህቴ ታምቡሩን ልናወልቅ ስንል እሷ የጫረቻት ናት። እኔ ዝም ብዬ ልነቅለው ስታገል እጄን መታ አድርጋ «ከየት እንዳነሳኸው ያላወቅከውን የት ልትመልሰው ነው?» አለችኝ። ከዚያ መስመሯን ጫረች፤ ስንመልሰው ልክ በቦታው እንዲገባ። ይኸው ሁለት ዓመት ዝገት ለብሳ ጠበቀችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔም አላውቅም። የበሩን ቀለም ቆርቆሮ ክዳኑን ገጥሜ አስቀመጥኩት። እያንዳንዱን ታምቡርና ካሊፐር በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ በቲነር ጠረግሁ፣ ዲስኩ ቀለም እንዳይነካው በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈንኩ። የአባዬን ቀለም ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ እስኪደርቅ ጠብቄ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ጭረቷን ቀለም እንዳይደፍናት በክብሪት እንጨት ጠረግኳት። በሕይወቴ አንድ ሥራ ጀምሬ ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ ምሳ ይዛ መጥታ አየችኝና ልጁን አሞታል እንዴ ብላ አባዬን ጠየቀችው።

ቅዳሜ አዋላጇ መጣች። ኮስተር ያለች፣ ጫማዋ ንጹሕ። ዞራ ዞራ አየቻትና ጎማው ዘንድ ቁጢጥ አለች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። የማባርርበትን ተንኮል በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ፤ የቀረኝ ምላሴ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ፍሬኗ አይይዝም» አልኳት።

በጎማው ቸርኬ ቀዳዳ አጮልቃ አየችና ቀና አለች። «ይህን ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ የማይይዝ ፍሬን እንዲህ የሚያሽሞነሙን ሰው የለም። ይቺን መኪና የሚወዳት ሰው አለ።»

ነድታት ሰፈሩን ዞራ መጣችና ወስጃታለሁ አለች። አባዬ ክንዴን ይዞ ወደ በረንዳው ወሰደኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ምክንያት ሳዘጋጅ እሱ ግን መሬት መሬት ያያል።

«መኪናዋን ሽጧት ያለችኝ እህትህ ናት» አለኝ። «ስልክ ደውላ። እዚያው ልትኖር ነው። ለሱ አንተ ንገረው አለችኝ፣ እኔም አቃተኝ።»

እኔ ብቻዬን የምጠብቃት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ሳሙና ዓይኔ ውስጥ እስኪገባ የጠበቀው የራሱን እንባ እንዳላይበት ፈርቶ ነው።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለአዋላጇ ራሴ ሰጠኋት። ሞተሩን ስታስነሳ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ለፈለፍኩ። ሦስተኛ ማርሽ በግድ አይግፉት፣ ትንሽ ከጠበቁት ራሱ ይገባል። ጠዋት አንዴ አስነስተው እምቢ ካለች አይናደዱ፣ ትንሽ ይተዉአትና ይድገሙ። የኋላው የቀኝ በር የሚከፈተው ከውስጥ ነው።

«ፍሬኑስ?» አለችኝ፣ ከንፈሯ ጥግ ሳቅ ብላ።

«ይይዛል» አልኳት።

ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ጎማው ውስጥ ቀዩ ታየኝ። ቆመች። የሚመጣ መኪና እያሳለፈች ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩ።