የፎርማን አበባው ዓይኖች

ተክለወልድ ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን ያሳለፈው ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ታፔላ እየጻፈ ነው። በፈረንሳይኛም በሶማልኛም በዓረብኛም አሳምሮ ይጽፋል፤ በአንዳቸውም ግን ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። ወደ ዶራሌ ወደብ የሚወርዱ የኢትዮጵያ ሹፌሮች የመኪናቸው ግንባር ላይ መልአክ ወይም አንበሳ ያስሉታል። «የተክሌ ሥዕል ከሩቅ ይታወቃል፤ ሁሉም ሽቅብ ነው የሚያየው» ይላሉ። እሱም ደስ ይለዋል። ይህን አመል ከየት እንዳመጣው ራሱን ጠይቆ አያውቅም፤ ወይም ላለመጠየቅ ብዙ ደክሟል።

አንድ ዓርብ፣ ጫት ገብቶ ከተማው ጥላ ጥላውን ሲይዝ፣ አንዲት ሴት መጣች። ፀደይ ትባላለች፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዕረፍቷ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ከቦርሳዋ አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጣች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፎቶ አይተው በትልቁ ይሥላሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። አባቴ ነው፤ አበባው ይባላል። ድሬዳዋ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ፎርማን ነበር። እኔ ሳልወለድ ወሰዱት። እናቴ ታማለች፤ ሐኪሞቹ ብዙ አትቆይም ብለዋል። አንድ ቀን ፊቱን በትልቁ ልታየው ትፈልጋለች። የዛሬ ሳምንት መጥቼ እወስደዋለሁ፤ በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ በባቡር እሄዳለሁ።»

ተክለወልድ ፎቶውን ሳይቀበል ነው ያወቀው። ከመታወቂያ የተላጠ ስለሆነ ማህተሙ በሰያፍ ዓይኖቹ ላይ አርፏል፤ ያ ሰፊ ግንባርና ያ ጎበጥ ያለ አፍንጫ ግን የአበባው ነበሩ። «ይቻላል» አለ። ማለት የነበረበት ሌላ ነበር።

ተክለወልድ በሃያ ሁለት ዓመቱ የዚያው ወርክሾፕ ሠዓሊ ሆነ። ለአብዮት በዓል የሊቀመንበሩን ምስል ከሦስቱ ጢማም ፈላስፎች ጎን፣ በእነሱው ልክ ይሥል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ትርፍ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም የሚሥልበት ስስ ጣውላ፣ ስላገኘ ሊቀመንበሩን በአንድ ክንድ አሳደገው። ማንም አላዘዘውም። መመስገን ፈልጎ ነው፤ በቃ። የወርክሾፑ ካድሬ መጥቶ አየ፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። በዚያ ዘመን «ሊቀመንበሩን ቀንሰው» ብሎ በጤና የሚያድር ማን ነው? በሳምንቱ የጎረቤት ፋብሪካ የራሱን በሁለት ክንድ አሳደገ። ካድሬው እየሮጠ መጣ፤ «ከእነሱ ልናንስ ነው እንዴ?» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጢማሞቹ ከግድግዳው ወረዱና ሊቀመንበሩ ብቻውን ቀረ፤ አገጩን ቀና፣ ዓይኑን ሽቅብ አድርጎ፣ ከጣሪያው በላይ የሆነ ነገር ያያል።

የቆቡም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ጠዋት ተክለወልድ ሥራውን አንጋጦ ሲያይ እንዳይወድቅበት ቆቡን አወለቀ። ከኋላው የነበረው በያጅ ይህን አይቶ የራሱን አወለቀ። በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ በምስሉ ሥር የሚያልፈው ቆብ አውልቆ ሆነ፤ በወሩ ያላወለቀ ሰው ይመዘገብ ጀመር። ተክለወልድ ቆቡን ለምን እንዳወለቀ ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም፣ የሚያሳፍረው ይሄ ነው፣ ኩራት ቢጤ ተሰማው።

በሦስተኛው ዓመት ምስሉ ከመሬት እስከ ጣሪያ ደረሰና የቶርኖ ክፍሉን መስኮቶች ደፈነ። ሰዉ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ብረት ይቀርጽ ጀመር፤ የአንዱን ሁለት ጣቶች ማሽኑ ቆረጣቸው። ያን ቀን ፎርማን አበባው ተክለወልድን ለብቻው ጠራው።

«ተክሌ፣ ሥዕልህስ ግሩም ነው። መስኮቱን ብቻ ልቀቅልን። ከታች ሁለት ኮምፔንሳቶ ንቀል፤ ማንም ልብ አይለውም።»

ቀስ ብሎ፣ እንደ ወንድም ነው የነገረው። ቅዳሜ ደግሞ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። እዚያ ሰው ተነስቶ ራሱን ይከሳል፤ በራሱ ላይ ጥፋት ያጣ ጓደኛውን ይከሳል። ተክለወልድ ንግግራቸውን የሰማ ሰው ያለ መሰለው። ሌላ ሳይቀድመው ተነሳና «ጓድ አበባው ምስሉን ንቀል ብሎኛል» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ አርባ ዓመት ራሱን ያጽናናው በዚህች ነው። መስኮቱን ግን አላነሳም፤ የተቆረጡትን ጣቶችም አላነሳም። አበባውን ከዚያው ከስብሰባው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ተክለወልድ ሳምንቱን በሩን ገርበብ አድርጎ ሠራ። ጉርዱን ፎቶ በካሬ ከፋፍሎ፣ ካሬ በካሬ ወደ ሸራው አሻገረው። ጠዋት ጠዋት «ስትመጣ እነግራታለሁ» ይላል፤ ከሰዓት «እናቷ እየሞተች አሁን ምን ይጠቅማታል» ይላል። ምክንያት መቼም አያጣም። ዓይኖቹ ጋ ሲደርስ ፎቶው ላይ ያለው ማህተም ብቻ ስለሆነ፣ እጁ ከልምዱ ሞላቸው።

ዓርብ ፀደይ መጣችና ሸራው ፊት ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚያየው?»

«ማን?»

«አባቴ። ሽቅብ ምን ያያል?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅ ሆኜ በቀበሌው በር ስናልፍ እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። አንድ ቀን አጮልቄ አየሁት። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰውዬ እንዲህ ነበር የሚያየው። አባቴን እሱን አስመሰሉት።»

ተክለወልድ ዞር አለ። የፀጉር ቤቱ ታፔላ ላይ ያለው ጎረምሳ፣ የሹፌሩ ገብርኤል፣ አንበሳው ሳይቀር፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሽቅብ ያያሉ። ጅቡቲ ብቻውን የመጣ ይመስለው ነበር። ለካ ሊቀመንበሩን በእጁ ይዞት መጥቷል። አፈረ። ጨርቅ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ ነከረና ገና ያልደረቁትን ዓይኖች ጠረጋቸው።

«እናቴ ዓይንሽ ቁርጥ የሱ ነው ትለኛለች» አለች ፀደይ። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «የኔን እያዩ ይሥሩት።»

ብሩሹን አነሳ። ለመሥራት እሷን ማየት አለበት፤ ባያት ቁጥር አበባው ያየዋል። ሦስቴ ሞከረ። በአራተኛው ብሩሹን አስቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ትርፉ ኮምፔንሳቶ፣ ስለ ቆቡ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ስብሰባው። «ወጣት ነበርኩ» የሚለው ሰበብ ምላሱ ላይ መጥቶለት ነበር፤ ዋጠው።

ፀደይ አላለቀሰችም፤ አልተነሳችምም።

«አባቴ ንቀል ያለዎት ሁለት ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው?»

«ሁለት።»

«መስኮቱን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ፈራሁ» አለ። «ሥዕሌም እንዲያንስብኝ አልፈለግኩም።»

ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። «ይጨርሱት ጋሼ። ባቡሩ ነገ ጠዋት ነው።» አሁንም አንቱ አለችው፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሠራ። ፀሐይ ወደ ባልባላ ሰፈር ስታዘቀዝቅ አበባው ከሸራው ላይ ፊት ለፊት ያየው ጀመር። ፀደይ ልትጠቀልለው ጋዜጣ አነሳችና ቆም አለች።

«እናቴ ማን ሠራው ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ማን ተነስቶ እንደከሰሰው ታውቃለች፤ ስሙን ግን እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም። ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉበት።»

በዚያ ዘመን ተክለወልድ በምስሎቹ ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም፤ «የሰፊው ሕዝብ ስጦታ» ነበር የሚባሉት። ቀጭኗን ብሩሽ መረጠ። እስከ ዛሬ ሲጽፍ የኖረው የሌላ ሰው ስም ነበር። ስሙን ጻፈ፤ የአባቱን ስም ጨመረ፤ ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዘው «የወርክሾፑ ሠዓሊ የነበረ» ብሎ ጻፈ።

ፀደይ አነበበችው። ቀለሙ እንዳይነካካ ጋዜጣውን ትታ፣ ሸራውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ተክለወልድ በሩ ላይ ቆሞ አበባው ሲሄድ አየው። ቆቡን ሊያወልቅ እጁን አነሳ፤ በሊቀመንበሩ ሥር የተለመደው መሆኑ ትዝ ሲለው አፈረና መለሰው።