ዘናጩ ቢሮና ዕቃ ቤቱ

አጎቴ ለመድኃኒት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለው፤ እኔም እዚያው እሠራለሁ። ፕሮግራሙ የትኛው መድኃኒት እያለቀ እንደሆነ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍ እንደተቃረበ ይናገራል። ደህና ይሠራል። አጎቴ ግን አንድ ቀን ከስብሰባ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

«የማናድገው ለምን እንደሆነ ገባኝ» አለ። «ዘናጭ አይደለንም!»

በሳምንቱ ጠረጴዛዎቻችን ወጥተው እህል የተሞላ ጆንያ የሚመስሉ መቀመጫዎች ገቡ። ግድግዳው ብርቱካናማ ተቀባ። ለሁላችንም ጥቁር ካናቴራ ታደለን። የደንበኞችን ስልክ የምታነሳው የአጎቴ ሚስት ግን አሻፈረኝ አለች።

«ስልክ የማነሳው በጆሮዬ ነው። ካናቴራው ምን ይረዳኛል?»

ተኮራረፉና ስልኳን ይዛ ዕቃ ቤት ገባች።

እውነቱን ለመናገር፣ የቢሮውን ፎቶ አይታ አንዲት ቀልጣፋ ፕሮግራመር ልቀጠር ብላ መጥታ ተቀጠረች። አጎቴ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞሮ «ሰማሽ?» ብሎ ጮኸ።

ቀጥሎ ሃያ መድኃኒት ቤት ያላቸው ሴትዮ ሊያዩን መጡ። አጎቴ በክብር ጆንያው ላይ አስቀመጣቸው። ሰመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«ራዕያችን...» ብሎ ጀመረ አጎቴ።

«ራዕዩ ይቆየንና መጀመሪያ አንሡኝ!»

እኔና አጎቴ በክንዳቸው ስንጎትት፣ አዲሷ ልጅ ከኋላ ስትገፋ፣ ከዕቃ ቤቱ ድምፅ ተሰማ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አጥፍተህ አብራው። እምቢ አለ? ግድ የለም፣ እስኪስተካከልልህ ስልኩን አልዘጋም።»

ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይቺ ናት? እህቴ "ስትደውይ ሰው የሚያነሳልሽ እነሱ ጋ ብቻ ነው" ብላኝ እኮ ነው የመጣሁት!»

ዕቃ ቤት ገብተው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሳሳቁ ቆዩና ውሉ እዚያው ተፈረመ።

አጎቴ ሲሸኛቸው አላስችለው አለና ጠየቀ። «ቢሮውንስ እንዴት አዩት?»

«ያምራል። ወገቤን ግን ጨርሶታል።»

በማግስቱ ጠረጴዛዎቹን ራሱ ተሸክሞ መለሰ። ሚስቱን «በቃ፣ ነይ ውጪ» ቢላት «እዚህ ጸጥ ይላል» አለችው። በሁለተኛው ቀን አዲሷ ፕሮግራመር ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቧ ገባች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ሂሳብ ሠራተኛው።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ነው፣ ከነካናቴራው፣ አንገቱን አቀርቅሮ።

«ትንሽ ቦታ አይጠፋም?»

ሚስቱ ቀና ሳትል እግሯን ሰበሰበችለት።