ማሽኑ የዋጣቸው ስሞች

ጡረተኛው ፕሮግራመር ስለ መጀመሪያው ኮምፒውተር ማውራት ሲጀምር ሚስቱ ሰበብ ፈልጋ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ግን አልወጣችም። ሸሚዙን እየተኮሰች እዚያው ቆመች።

ይሠራበት የነበረው የስልክ መሥሪያ ቤት ለኢዮቤልዩ በዓሉ መጽሔት እያዘጋጀ ነበርና ትዝታውን እንዲልክ ጠይቀውታል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ ይናገራል፣ ልጁ በላፕቶፕ ትጽፍለታለች።

«ጻፊ» አላት። «ማሽኑ የመጣው በሁለት የጭነት መኪና ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ያዘ። ያን ሁሉ አክሎም ስልክሽ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ አትገባበትም። ለእሱ ሲባል ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ይሠራል፤ እኔ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሼ...»

«እኛ ላይኛው ፎቅ በወረቀት እያራገብን» አለች ሚስቱ፣ ከካውያዋ ቀና ሳትል።

እንዳልሰማ አለፋት። ለማሽኑ ትእዛዝ በካርድ ላይ ስለሚበሳው ቀዳዳ፣ ከፕሮግራሙ አንዲት ነጥብ ጎድላ ሦስት ቀን ስላቃጠለችው፣ ሲነሳ ፎቁን ስለሚያንቀጠቅጠው አታሚ ተረከ። ፊቱ በራ። ከዚያ ወደሚወደው ቦታ ደረሰ።

«አሥራ ሁለት ሴቶች ሦስት ወር የሚፈጁበትን የስልክ ማውጫ ማሽኑ በሁለት ሰዓት በፊደል ተራ ደርድሮ አወጣው። ያለ አንድ ስህተት።»

ካውያው ቆመ።

«እስቲ ድገመው» አለች ሚስቱ።

«ምኑን?»

«ያለ አንድ ስህተት ያልከውን። ልጅህ ፊት ድገመው።»

«ተይ እንግዲህ፣ ነገር አትፈልጊ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ተውኩ።» ወደ ልጇ ዞረች። «እኔ እዚያ መሥሪያ ቤት፣ የደንበኞች ስም በሚመዘገብበት የካርድ ክፍል ሠራተኛ እንደነበርኩ ነግሮሻል?»

ልጅቷ ጣቶቿን አነሳች። እናቷ ከቤት ውጭ ሠርታ እንደማታውቅ ነበር የምታስበው።

እናትየው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነገረቻት። ፕሮግራመሩ ደብተሩን ይዞ ሦስት ወር ካርድ ክፍል ተቀምጦ ነበር፤ ካርዱ እንዴት እንደሚደረደር፣ ቤት የቀየረ ሰው የት እንደሚገባ እየጠየቀ። ሴቶቹ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ማሽኑ ግን ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆኑትን ሰዎች እንደ አንድ ሰው እየቆጠረ ሁለተኛውን ዋጠው። ስድስት መቶ አሥራ አራት ሰው ከማውጫው ጠፋ። ይህ የታወቀው ዓርብ ነው፤ ዝርዝሩ ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ።

«ላብ በላብ ሆኖ ደረጃውን እየሮጠ መጣ። አድኑኝ አለን። ቅዳሜና እሁድ የጠፉትን ስሞች ከካርዱ እያመሳከርን በታይፕ መታን። የክፍላችን ኃላፊ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ስትመታ ዋለች። ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ማሽኑን አመሰገነ። አባትሽ አጠገቡ ቆሞ አጨበጨበ። በወሩ ለአሥራ ሁለታችንም የስንብት ደብዳቤ ደረሰን።»

«ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ አይደለሁም» አለ።

«አፍህን ማን ያዘው?»

«ብናገር እኔም እባረር ነበር።»

«ብትባረርስ?»

«ይህን ሁሉ ቂም ይዘሽ ለምን አገባሽኝ ታዲያ?»

«ወድጄህ ነዋ። አንድ ቀን እውነቱን ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ታሳምረዋለህ። መጀመሪያ በአንድ ቀን አወጣው ነበር የምትለው፤ ዛሬ ሁለት ሰዓት አደረስከው።»

ልጅቷ የጻፈችውን እያየች «አባዬ፣ ያለ አንድ ስህተት የሚለውን ላጥፋው?» አለች።

«እሱን ካጠፋሽ ሁሉንም አጥፊው።»

«እማዬ ያለችውንስ ልጨምር?»

«በእኔ ስም በሚወጣ ጽሑፍ ላይ? በቁሜ?» ላፕቶፑን ጠርቅሞ ዘጋው፤ ጣቷን ለጥቂት ሳታት። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈ። ሚስቱ ሸሚዙን፣ እጅጌው ገና ሳይተኮስ፣ ጨምድዳ ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

መጽሔቱ የእሱን ትዝታ ሳይዝ ወጣ፤ ቦታውን በማሽኑ ፎቶ ሞልተውታል። ልጅቷ የእናቷን ታሪክ ለብቻው ጽፋ ልካ ነበር። አዘጋጆቹ ከበዓሉ መንፈስ ጋር አይሄድም ብለው መለሱላት።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በልጃቸው በኩል ነው።

«መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ጠይቂው» ትላለች ሚስት፣ እሱ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ።

«ወስጃለሁ በያት» ይላል።