የእድሩ አግዳሚዎች

ጌጥነሽ ፋይሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች።

“ይስጡኝ እንጂ እናቴ፤ የመንግሥት ሰነድ እኮ ነው” አለ ቻላቸው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ በዕድሜ ከበኩር ልጇ ብዙም አይበልጥም።

“እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ንገረኝ። ለሰባተኛና ለስምንተኛ የጠየቅናቸው ሁለቱ ክፍሎች ለምን ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጡ? ሦስት ዓመት የተመላለስነው ለምኑ ነው?”

አብራት የመጣችው የወላጅ ኮሚቴ ባልደረባዋ ሳሊሀ ነጠላዋን ከኋላ ጎተት አደረገቻት። “ቀስ በይ እቴ። አብሽሪ።”

ቀስ ማለት ለማን ይቻላል? የቀበሌያቸው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ያበቃል። ሰባተኛ የሚገባ ልጅ ቆቦ ቤት ተከራይቶ ይማር ነው ነገሩ፤ ዝናብ ለከዳው የማሽላ ገበሬ ይህ ቀልድ ነው። የጌጥነሽ በኩር ትርንጎ ስድስተኛን አንደኛ ወጥታ ጨረሰችና ቤት ዋለች። ሁለት ዓመት ዋለች። በሦስተኛው ከደላላ ጋር ወደ ጅቡቲ ወጣች፤ ጀልባ ልንሳፈር ነው ብላ ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም። ሁለት ፋሲካ አለፈ። እናትየው ስልኩ እንዳይዘጋባት ባትሪውን ለማስሞላት ብቻ በየሦስት ቀኑ መብራት ወዳለበት ወደ ጎብዬ ከተማ ትወርዳለች። አሁን ደግሞ ታናሿ ረድኤት ስድስተኛን ጨርሳለች። ያው ደላላ እንደ ዘመድ ቤታቸውን ማዘውተር ጀምሯል፤ ልጅቷም ማዳመጥ ጀምራለች።

ቻላቸው ፋይሉን እሷው እንደያዘችው ገለጠላት። “ይኸው። ገምጋሚዎች ጥቅምት ላይ መጥተው አልነበር? ‘መቀመጫ የተሟላ። ጊዜያዊ ክፍል ደህና። የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከፍተኛ።’ በጀቱ ለሁሉም አይበቃም እናቴ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለባሰበት ነው።”

ከጽሑፉ ሥር ፎቶ ተለጥፏል። ረድኤት ከፊት አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትስቃለች።

ጌጥነሽ ከልጇ በፊት ያወቀችው አግዳሚውን ነበር። ገምጋሚ ይመጣል በተባለ ዋዜማ ርእሰ መምህሩ “እንዳለ ይዩት” ሲል፣ እንቢ ያለችው እሷ ናት። “እንግዳ መጥቶ ልጆቻችንን ድንጋይ ላይ ተኮልኩለው ይያቸው? ሰው የለም ወይ ይበለን?” ብላ የእድሩን አግዳሚዎች በጋሪ አስጫነች። ልጆቹ የሚማሩበትን የአገዳ ዳስም በእድሩ ድንኳን አስሸፈነች። ማር ያለው ማር፣ እርጎ ያለው እርጎ ይዞ መጣ። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ ጽፈው ሄዱ። በማግስቱ ሰው ሞተና ድንኳኑም አግዳሚውም ወደ ለቅሶ ቤት ተመለሰ፤ ልጆቹም ወደ ድንጋያቸው።

“የኛ አይደለም” አለች ጌጥነሽ በቀጭን ድምፅ። “የእድር ነው። የለቅሶ ወንበር ነው።”

ቻላቸው ፎቶውን፣ ከዚያም እሷን አየ። “ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?”

“አፍረን ነዋ!” አለች ሳሊሀ። “ገበና ለእንግዳ ይታያል?”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?”

“ይባላል ልጄ” አለች ጌጥነሽ፤ ፋይሉንም ለቀቀችው። የልጇን መንገድ ደላላ አልዘጋውም፣ መንግሥትም አልዘጋውም፤ እሷው በገዛ እጇ ዘጋችው።

ቻላቸው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ማረም ይቻላል። ያሳየነው እውነት አልነበረም ብላችሁ ጽፋችሁ ከፈረማችሁ እንደገና ይታያል። ግን ለከርሞ ነው፤ የዘንድሮው ጸድቋል። አልዋሽዎትም፣ አታለላችሁ ተብላችሁም ቀበሌ ስብሰባ ላይ ትቆማላችሁ።”

“ክፍሉ ተሠርቶ የሚያልቀው መቼ ነው?”

“ሁሉም ከቀና በሁለት ዓመት።”

ሁለት ዓመት። ጌጥነሽ ሁለት ዓመት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ረድኤትን ቤት አስቀምጣ ደላላውን ሁለት ዓመት ከደጇ ልታባርር አትችልም፤ ትርንጎንም ይዛ ማስቀረት አልቻለችም።

ሳሊሀ ክንዷን ያዘቻት። “ተይው እቴ። ላንቺ ልጅ ካልደረሰ ሕዝብ ፊት ምን ያዋርድሻል? እንሂድ።”

“ኢልሀምሽ ስንተኛ ናት?”

“የኔዋ? አራተኛን ጨረሰች። ምነው?”

ጌጥነሽ ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች።

“ጻፍ” አለችው ቻላቸውን። “ኮሚቴው አታለለ አትበል። አግዳሚውን ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ የኔን ስም ብቻ ጻፍ።”

ጽፎ ሲጨርስ አነበበላት። ሳሊሀ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። ጌጥነሽ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና “የቱ ጋ ነው?” አለች።