ከፈረሰው ቤት የተሰጠ ድምፅ

ደብሪቱ ከፈረሰው ቤቷ ሆና ድምፅ ሰጠች። ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው፤ እሷ በዚያ ቀን ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ምርጫው በፖስታ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ወረቀቱ መራጩ በተመዘገበበት አድራሻ ይላካል፤ መራጩም ሞልቶ፣ ፈርሞና አሽጎ ለፖስተኛው ይመልሳል። ለጎረቤቶቿ ሁሉ ሲደርስ የእሷ ቀረ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ምርጫ ቢሮው ወረደች።

የቢሮው ጸሐፊ ረድኤት የምትባል ትሑት ልጅ ነበረች። የደብሪቱን ስም ፈልጋ አገኘችው።

«የእርስዎማ ደርሷል፣ እማማ» አለቻት። «ተቀብለው ሞልተው መልሰዋል። ይኸው ፊርማዎ።»

ፊርማው የራሷ ነበር። የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ድመት ጅራት ወደ ላይ የምትቆለምም ሌላ ሰው የለም።

«የት ነው የተቀበልኩት?»

«ዋርካ ሥር፣ ቤትዎ።»

«ዋርካ ሥር የሚባል ሰፈር እኮ የለም፣ ልጄ። ቤቱን ዶዘር ሲያፈርሰው ቆሜ አይቻለሁ።»

«መፍረሱን ማንም አላስመዘገበም። እኛ ዘንድ ቤቱ ቆሟል። ባለቤትዎ ጋሽ አድማሱም ድምፃቸውን ሰጥተዋል።»

«አድማሱ ሞቷል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ረድኤት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አድራሻቸውን ግን አልቀየሩም።»

እውነቷን ነው። አድማሱ አናጢ ነበር። ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ መላጊያውን ሲገፋ ከታች ያሉት ሰዎች እንቅልፍ ነሳን ብለው አቤት ስላሉ ሥራውን ተወ፤ ሥራውን ከተወ በኋላ ብዙም አልቆየም። አድራሻ እንዲቀይር በተጠየቀ ቁጥር «እኛ መቼ ለቀቅን? ቤቱ ነው የለቀቀን» ይል ነበር። እሷም ከሞተ ወዲህ ነገሩን አላነሳችውም። ከዚያ ሰፈር ስሙን ማስፋቅ ሁለተኛ መቅበር መሰላት።

ረድኤት ያልተናገረችው አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «የኮንዶሚኒየሙ ቤት የተመዘገበ ነዋሪ ስለሌለው ባዶ ተብሏል። በዚህ ሳምንት ካልተመዘገቡበት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከቀድሞው ቤት መሸኛ ያምጡ።»

«መሸኛውን ማን ይሰጠኛል?»

«እዚያ የሚኖረው ሰው።»

«ያኛው ቤትስ?»

«በእርስዎ ስም ስለሆነ ይዘጋል። ሰው መቼም በሁለት ቦታ አይኖርም።»

ደብሪቱ ስትወጣ ፖስተኛው ልሳኑ ደጃፉ ላይ ቦርሳውን ሲያጠብቅ አገኘችው። ዋርካ ሥር ሳሉ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ልሳኑ፣ የእኔን ወረቀት ማን ተቀበለህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ። ቀዝቃዛ ውሃም ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። «ዛሬም ለቤቱ አንድ ደብዳቤ አለኝ። ከፈለጉ አብረን እንሂድ። ብቻዎን በሩን አያገኙትም፤ ደብዳቤ ይፈልጋል።»

ሄዱ። ሰፈሩ የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳው ወደ ውስጥ ስታይ ሰው የሚውጥ ሣርና ዝናብ ያቆረበት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ልሳኑ አጥሩን ተከትሎ ጥቂት ተራመደ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ደብዳቤውን አወጣና ቆርቆሮውን አንኳኳ። የተሰማው ግን የእንጨት ድምፅ ነበር። በር ተከፈተ።

የከፈተችው ደብሪቱ ነበረች። ጎመን ስታጥብ ስለነበር እጇ ረጥቧል። ደብዳቤውን በሁለት ጣቶቿ ተቀበለችና እንግዳዋን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት።

«ከስተሻል» አለቻት። «ግቢ እንጂ፣ በር ላይ አይቆምም።»

ልሳኑ ውጭ እጠብቃለሁ አለ። ደብሪቱ ገባች። ቤቱ ምንም አልጎደለበትም። ጓዳው አጠገብ አድማሱ ጎንበስ ብሎ የበርጩማ እግር ይልጋል። ትንሽ ወፍሯል። ያገኘችው መደብ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን መጣ?» አለ አድማሱ፣ ቀና ሳይል።

«ከኮንዶሚኒየም ነው የመጣችው» አለች የቤቱ ደብሪቱ።

«እዚያ ደረጃ አለ ይላሉ።»

«አለ» አለች ደብሪቱ።

«እኔ ደረጃ አልወድም» አለና መላጊያውን ገፋ።

የቤቱ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ጠራቻት። ጎመኑን እያማሰለች ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ደብሪቱ ሁሉንም ነገረቻት፤ መሸኛውን፣ ባዶ የተባለውን ቤት፣ መሸኛው ሲሰጥ ይህኛው እንደሚዘጋ።

«ይዘጋል ማለት?»

«አልነገሩኝም።»

የቤቱ ደብሪቱ ምድጃውን ቀነስ አደረገች። «እዚያ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው?»

«ሲኖር።»

«በመስኮት ሲያዩስ ሩቅ ይታያል?»

«ተራራው ድረስ ይታያል።»

«እኔ ከዚህ ደጅ አልወጣሁም» አለች። «የጎረቤት ቤቶች ሲፈርሱም አልወጣሁም። ከጠዋት እስከ ማታ ይልጋል፤ ሌሊት ደግሞ ያንኮራፋል። ጆሮዬን ቢቆርጡት አላዝንም። ከተኛሁ ስንት ዘመኔ መሰለሽ!»

«እኔም አልተኛሁም» አለች ደብሪቱ። «ቤቱ ጭር ብሎ።»

ከወዲያ የመላጊያው ድምፅ ይሰማል፤ ሽው፣ ሽው። ደብሪቱ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ይህን ድምፅ ስንቴ የሰማች መስሏት፣ ከአልጋዋ ብድግ ብላ ደረጃው ላይ እንደወጣች ታስታውሳለች። ከጉያዋ የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ አውጥታ ለቤቱ ደብሪቱ ሰጠቻት።

«የላይኛው መቆለፊያ ያስቸግራል» አለቻት። «በሩን ወደ ራስሽ ሳብ አድርጊው። ከጎን ያለችው ሴትዮ ደግ ናት፤ ቡና ካልጠራሻት ግን ታኮርፋለች።»

«ይህኛው የሚዘጋ መሆኑ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«አይቆጭሽም?»

«ኧረ ሂጂ፤ ቢሮው ሳይዘጋ ድረሺ።»

መሸኛውን ደብሪቱ ጻፈችው፣ ደብሪቱ ፈረመችበት። የምትሄደው የቤቱ ደብሪቱ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ አድማሱ አንዴ ዞር አለች፤ ልትስመው ፈልጋ ነበር፣ ግን ቆይታ ተወችው። ከልሳኑ ጋር ስትሄድ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ሲጮህ እየራቀ ተሰማ። የቀረችው ደብሪቱ በሩን ዘጋችና አድማሱ ፊት መጥታ ቆመች።

«መጣሽ?» አለ አድማሱ። አሁንም ቀና አላለም።

«መጣሁ።»

«ደረጃው አደከመሽ አይደል?»

«አደከመኝ» አለች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። እሱ መላጊያውን አስቀምጦ፣ መጋዝ ያሻከረውን መዳፉን አንገቷ ላይ አሳረፈው፤ እስክትጨርስ አላነሳውም።

ምሳ ጎመኑን በሉ። አድማሱ ጨው በዛ አለ፤ እሷ አልበዛም አለች፤ ጥቂት ተከራከሩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከመንገዱ የሚመጣው የመኪና ጫጫታ ጠፋ። ቀጥሎ የወፎቹ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ፀሐይ ሳትዞር ነጣ። አድማሱ «ደመናው ወረደ መሰለኝ» ብሎ ወደ በርጩማው ተመለሰ፤ አራተኛው እግር ቀርቶት ነበር።

ደብሪቱ ሳህኖቹን አጥባ እጣቢውን ልትደፋ በሩን ከፈተች። ውጭው ነጭ ነበር። አጥርም መሬትም የለም፤ ነጩ ከበሩ ደፍ ይጀምራል። እጣቢውን ደፋችውና ሲወድቅ ለመስማት ጆሮዋን ሰጠች። ብዙ ቆመች። አልተሰማም።

ከነጩ ማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ እንደዚህኛው የተዘጋ የሌላ ቤት በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ወጥታ ምንጣፍ አራገፈች። ደብሪቱን ስታይ እጇን አንስታ ሰላም አለቻት፤ ምንጣፏን ጠቅልላ ገባችና በሩን ዘጋች።