ለግሪሳ የማትሆን አውሮፕላን

አምና የግሪሳ ወፍ ከነማማው አንስቶ ሐራ ገበያ ያወረደው አያ ደምሌ፣ ግራና ቀበሌ በተጠራው ስብሰባ ላይ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ማሽላው አዙሮ ነው። ዘንድሮም ወፉ ማሳውን እየጨረሰበት ነበር።

«መንግሥት የሚገዛቸው አዲሶቹ የጦር አውሮፕላኖች ከድምፅ ይፈጥናሉ» አለ ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ።

«ግሪሳ ያባርራሉ?»

«ኧረ አባቴ፣ ምን ይላሉ! ለጠላት ናቸው እንጂ።»

«የኔ ጠላትማ ያውና፣ ማሽላዬን ይበላል። ለመሆኑ አንዷ ስንት ናት?»

«ዋጋዋ ምስጢር ነው።»

«መርሳ ገበያ ዋጋ የሚደብቅ የሰረቀ ሰው ብቻ ነው» አለ ደምሌ።

ካድሬው ተቆጥቶ፣ «ግዢውን በጭብጨባ እናጽድቀው!» ሲል ሰዉ አጨበጨበ። በጭብጨባው የደነገጠው ግሪሳ ከማሽላው ላይ ግር ብሎ ተነሳ።

ደምሌ ከመቀመጫው ዘሎ፣ «እንዳታቆሙ! አውሮፕላኗ ትቅርና እስከ ማታ አጨብጭቡልኝ!» አለ።